የሙሽራው ጾም

ኅሩይ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው በዊልሻየር ጎዳና ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር፣ በመኪና ማቆሚያው በር ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትችል የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ትኬቱን ያቀብለዋል፣ እሱ ይቀበላል፣ ብረቱ ከፍ ይላል፣ መኪናው ይወጣል። ከዚያ በፊት ደብረ ዘይት ተምሮ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር። ሐረርጌ ቆላ ውስጥ ሦስት ዓመት ግመልና ፍየል ሲከትብ ከርሟል። ወደዚህ ፈረንጅ አገር ከመጣ በኋላ ግን ወረቀቱን ያሳየው መሥሪያ ቤት ሁሉ እንደገና ተማር አለው። ለመማር መሥራት ነበረበት፤ ሠርቶ ያደረ ሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። የዛሬ ዓመት፣ የዛሬ ዓመት ሲል ጠጉሩ ሸበተ።

እኔና እሱ የምንኖረው ሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ነው፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። አብራው የምትኖረው ታላቅ እኅቱ ሣህሊቱ ናት። ‹ናት› ማለቴ ለጽሑፉ እንዲቀልል ነው እንጂ እኔ ሁልጊዜ እትዬ ሣህሊቱ፣ አንቱ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እንግዲህ ብዕሬም እንደ አፌ ይሁን። እትዬ ሣህሊቱ ባላቸው ሲሞቱ ኅሩይ ወረቀት አስጨርሶ አስመጣቸው። ጾም የማያጎድሉ፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ዓርብና ረቡዕ በነፃ የሚታደል ምግብ እንኳ ቢቀርብላቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ አይቀምሱም።

እባቡ ወደዚህ ቤት የገባው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ከሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ሥራ ለቅቆ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ ብሎ ከነመስታወት ሣጥኑ ለኅሩይ ሰጠው። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩ አለፈ፣ ስልኩም ተቋረጠ። የአፍሪካ ዝርያ ነው፤ ፓይተን ይሉታል። መርዝ የለውም፤ ክንድ ያህል ወፍራም ነው፤ ሲፈራ እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን መካከል ላይ ይደብቃል። በልጅነታችን ባነበብነው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ እባብ ሥዕሉ እንኳ ምላሱን አውጥቶ የሚያስፈራ ነበር። ይኸኛው ግን ዓይን አፋር ነው፤ ደጋግሜ አይቸዋለሁ።

እትዬ ሣህሊቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ነጠላቸውን አንሥተው ወደ እኛ ቤት ወረዱ። ሁለት ሌሊት ከባለቤቴ ዘንድ አደሩ። "ወይ እሱ ወይ እኔ" አሉ። ኅሩይ ለመናቸው፤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ሰጣቸው። ተመልሰው ወጡ፣ በእባቡ ክፍል ደፍ ላይ ግን በየማለዳው ጠበል ይረጩ ነበር።

እርቁ የወረደው በአንድ ቃል ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ሲገባ እባቡ መብላት አቆመ። ኅሩይ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ሲያነብ፣ ሲጠይቅ፣ ነገሩን ደረሰበት። ወንዱ ፓይተን የመራቢያው ወራት ሲደርስ ምግብ ይጠላል። ልቡ ሴት ፍለጋ ስለሚሄድ አይጥ ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት እንዲሁ ይቆያል። በሽታ አይደለም። ኅሩይ ይኸን ሁሉ ለእኅቱ እንዴት ብሎ ይንገራቸው? ስለ ሴትና ወንድ እባብ ማውራት አሳፈረው፤ ደግሞም እንዲወዱለት ፈልጎ ነበር።

"እትዬ፣ እሱም እኮ ጾም ላይ ነው" አላቸው።

"እባብ?"

"ወንዱ ነው የሚጾመው። ከኅዳር እስከ መጋቢት።"

"ከነቢያት ጾም ጀምሮ?"

"ከነቢያት ጾም ጀምሮ።"

 ከዚያ ቀን ወዲህ የእትዬ ሣህሊቱ ጠበል ቀረ። ይባስ ብለው አንድ ረቡዕ ቀን እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ጥብስ የያዘ ሳንድዊች ስበላ አዩኝና፣ ከላይ ሆነው፣ "አየህ፣ ፍጥረት ሁሉ እንደ አንተ አይደለም" አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ኅሩይ አይጥ የሚገዛው ግሌንዴል ካለ ቫርታን ከሚባል አርመን ነበር። እኛ አርመን ሲባል የምናውቀው ፒያሳ ጫማ ሲሰፋ ነው፤ ይኸኛው እባብና እንሽላሊት ያራባል። በ2013 የመከር ወራት ኅሩይ እባቡን ለማስመርመር ይዞት ሄደ። ቫርታን ቆሞ ሲያየው፣ ኅሩይ የእባቡን አፍ በሁለት ጣቱ ከፍቶ ድዱን አየ፣ አረፋ እንደሌለው ተመለከተ፣ ሆዱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰ።

"የት ነው የተማርከው?" አለው ቫርታን።

ኅሩይ ይኸን ደጋግሞ ነግሮኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ አገር ያንን ጥያቄ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ነው።

ቫርታን በመጪው ጸደይ ሰፊ የእንስሳት ቤት ሊከፍት ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ልጆች እያመጡ የሚጎበኙት፤ ዋና ጠባቂ ይፈልጋል። የኅሩይ እባብ መልኩ የወርቅ ዓይነት ስለሆነ ለሦስት ሴት እባቦቼ ይሆነኛል አለ። ስምምነታቸው እንዲህ ነው፦ ኅሩይ እባቡን በየሳምንቱ ረቡዕ ያመጣዋል፤ ሦስት ቀን ከአንዷ ሴት ጋር ይቆያል፤ ቅዳሜ ኅሩይ ይወስደውና አራት ቀን ቤቱ ያሳርፈዋል። "ወንድና ሴት ማገናኘት ማንም ይችላል። በዚህ ወራት ወንዶቹ ናቸው የሚሞቱብኝ። እስከ ማርች መጨረሻ ከነጤናው ያቆየልኝን ሰው እቀጥራለሁ" አለው።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ኅሩይ ከዚያ በፊት አይቸው አላውቅም። በመስከረምና በጥቅምት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ እባቡን በየሳምንቱ እያበላ አወፈረው። ኅዳር ሲገባ በየእሑዱ በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን ጀመረ። ሚዛኑ የእትዬ ሣህሊቱ የበርበሬ ሚዛን ነበር፤ ሲያውቁ ሌላ አስገዙት። ክብደቱን በደብተር ይጽፋል። ከዐሥር አንድ እጅ ከቀነሰ ያ ሳምንት ወደ ሴት አይሄድም፣ ያርፋል። የሣጥኑ አንዱ ጥግ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው፤ ማታ ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ውኃውን በየቀኑ ይቀይራል። "የሚጾም እንስሳ የሚኖረው በውኃው ነው" ይለኝ ነበር። ለእኔ ነው ያለኝ። ለእኅቱ ብሏቸው ይሆናል፣ አላውቅም።

ፌርፋክስ ምግብ ቤት ስንገናኝ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ታክሲ የሚነዳው ዘለቀ፣ ጴንጤ ነው፣ እባቡን ሙሽራው ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው።

"ዶክተር፣ በዚህ ሳምንት ሔዋንን አገኛት?" ይላል።

"አግኝቷታል።"

"ፖሙንስ?"

"ፖሙን ለአንተ ትቶልሃል። አንተ በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምትበላው።"

ይስቃሉ። ኅሩይም ይስቃል። ያን ጊዜ የሚያስከፋው ነገር አልነበረም። ማርች መጨረሻ ላይ ዩኒፎርሙን አውልቆ ለአለቃው እንዴት አድርጎ እንደሚሰጠው ሳይቀር አስቦ ነበር፤ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ በ2014፣ ኅሩይ ታመመ። ሁለት ቀን ሆዱን ይዞ ሠራ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እባቡን ከግሌንዴል አምጥቶ ሣጥኑ ውስጥ እንዳስገባ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሐሞት ነው። መኪናዬን አስነሣሁ፤ እትዬ ሣህሊቱ ጋቢ ይዘው ወረዱ። ኅሩይ በመስኮት በኩል እጃቸውን ያዘና እየተቆራረጠ ተናገረ፦

"እትዬ፣ ሙቀቱን እንዳትነኪው። ምግብም እንዳትሰጪው፣ ጾም ላይ ነው። ጾሙን እኔ ራሴ መጥቼ አስፈታዋለሁ።"

"እሺ፣ ሂድ፣ አታስብ" አሉት።

ኦፕሬሽኑ ደህና ሆነ፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘ። ሦስት ቀን ይቆያል የተባለው ሰው ሁለት ሳምንት ተኛ።

ሰኞ የነነዌ ጾም ገባ። አንባቢ እንደሚያውቀው ይኸ ጾም ሦስት ቀን ነው፤ የነነዌ ሰዎች ከነከብቶቻቸው የጾሙት፣ እንስሳቱ ሳይቀሩ ውኃ እንዳይቀምሱ የታዘዘበት ነው። እትዬ ሣህሊቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል። ካህኑ ስለ እንስሳቱ ያስተማሩትን ነገሩኝ። ከዚያ፣ "የኛም ቤት እንስሳ ደንበኛውን ጾም ይዟል። ኅሩይ እንደሆነ ጾም አያውቅም፣ ሲያፈርስበት ነው የኖረው" አሉኝ። እኔ ሣቅሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም? ምግብ መስሎኝ ነው፤ ምግብ ደግሞ ድሮም አይበላም።

እንዲህ አድርገዋል፦ ሣጥኑን በድፍረት ከፍተው የውኃውን ሳሕን አውጥተዋል። ያን ሣጥን ከፍተው አያውቁም ነበር። ስለ ወንድማቸው ጤና ብለው፣ ሦስቱን ቀን ከእባቡ ጋር አብረው ሊጾሙ ነው። ሐሙስ የነነዌ ጾም ተፈታ፤ እሳቸውም በሉ። የእባቡን ግን ‹ራሴ መጥቼ አስፈታዋለሁ› ብሏል ወንድማቸው። እንዳለ ተዉት።

ኅሩይ ለቫርታን ሁለቱን ረቡዕ እባቡ ይረፍ ብሎ ብቻ ነገረው፤ ወደ ቤት ግን በየቀኑ ይደውል ነበር።

"ሙሽራው እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ጾሙን ይዟል።"

"ጎሽ እትዬ።"

ስለ ውኃ አልጠየቀም። ሃምሳ ጊዜ በፊታቸው ሳሕኑን ሞልቷል፤ ይኸንን ማን ይጠይቃል? እኔንም አንድ ቀን ሄደህ እየው ብሎኝ ነበር። ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁ፤ መደበቂያው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ተኝቷል ብዬ ነገርኩት። መብራቱ ከላይ ያሞቃል። ያ ሳምንት ከበረሃው የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ የከንፈራችንን ቆዳ የሰነጠቀበት ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኅሩይን ከሆስፒታል አመጣሁት። እትዬ ሣህሊቱ ነጭ ለብሰው ደረጃው አናት ላይ ቆመው ጠበቁት፤ አገላብጠው ሳሙት።

"እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ሙሽራህንም ጠብታ ሳይቀምስ ጠብቄልሃለሁ። በል እንግዲህ አስፈታው" አሉት።

ኅሩይ ፈገግ እንዳለ ቀረ። "ጠብታ ምን?"

"ውኃ ነዋ።"

ቦርሳውን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ክፍሉ ሄደ። ስንደርስበት ሣጥኑን ከፍቶ እባቡን በሁለት እጁ ይዞታል። ቆዳው እንደ አሮጌ የቆዳ ጓንት ተሸብሽቧል፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሊለውጠው የነበረው አሮጌ ቆዳ በቁርጥራጭ ገላው ላይ ተጣብቋል።  መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ቀዳሁለት፤ ተንበረከከ፤ በዚያ ባልደረቀ ቁስሉ አንድ ሰዓት ያህል ተንበርክኮ እባቡን ውኃ ውስጥ ደግፎ ያዘው። እባቡ ጠጣ። ሲጠጣ አገጩ ሥር ያለው ቆዳ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

ከዚያ መዘነው። ከመሄዱ በፊት አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ግራም ነበር። አሁን አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ነው።

"እትዬ፣ ውኃ የተከለከለ ፍጡር ይሞታል እኮ" አለ፣ ሚዛኑን እያየ።

እትዬ ሣህሊቱ በሩ ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ተቆጡ፤ ከመደንገጣቸው የተነሣ ነው።

"አንተ አይደለህም ጾም ነው ያልከኝ? ውኃ እየጠጡ ጾም አለ እንዴ? እናታችን እንዲህ ነው ያሳደገችን?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ?"

ኅሩይ ክብደቱን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ረቡዕ ወደ ግሌንዴል መሄጃው ቀን ነበር። ታሟል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አመጣዋለሁ ብለህ ደውል አልኩት። አይሆንም አለ። ድራይቭ ማድረግ ስለማይችል እኔ ወሰድኩት፤ መንገዱን ሁሉ ሣጥኑን ታቅፎ ሄደ። ቫርታን ክዳኑን ከፈተ፤ ጣቱን በእባቡ ጀርባ ላይ አሳለፈ፤ የተሸበሸበው ቆዳ እንደተቆነጠጠ ቀረ።

"ውኃ አጥቷል። ስንት ቀን?"

"ዐሥራ ሁለት።"

ኅሩይ ሊያስረዳው ሞከረ። እንግሊዝኛው ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ነው፣ አያንሰውም፤ ቃሉ ግን አልገጥም አለው። እባቡ ጾም ላይ ነበር አለ። ቫርታን እየሰማው ግንባሩን ቋጠረ።

"እኛም ክርስቲያኖች ነን፣ እኛም እንጾማለን" አለ። "ውኃ ግን እንጠጣለን። ማነው የከለከለው?"

ዘወር ብዬ ኅሩይን አየሁት። እኅቴ ናት፣ ሆስፒታል ነበርኩ ማለት ይችላል። ክንዱ ላይ የሆስፒታሉ አምባር እንኳ ገና አልወለቀም። ቫርታን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይቅር ይለው ነበር ብዬ እስካሁን አምናለሁ።

"እኔ ነኝ" አለ ኅሩይ።

ቫርታን ክዳኑን መለሰ። ወስደህ አሳክመው፣ በዚህ ዓመት ሴት አታሳየው አለ። ስለ ሥራው ያኔ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። መኪናው ውስጥ ገብተን ከተማው ካለቀ በኋላ ነው ለምን እንዲያ አልክ ብዬ የጠየቅሁት።

"ቃሉን የሰጠኋት እኔ አይደለሁም?" አለ። "ምግብ አቁሟል ማለት እችል ነበር። ሳይንሱን አውቀዋለሁ። እንድትወድልኝ ብዬ ነው ጾም ያልኩት።" 

እባቡ በዚያው አልሞተም። የእንስሳት ሐኪም በመርፌ ፈሳሽ ሰጠው፤ ቆዳው መለስ አለ። ኅሩይ ወደ መስታወቷ ክፍል ተመለሰ፤ ጠዋት ከመሄዱ በፊትና ማታ ሲመጣ ለብ ባለ ውኃ ያጥበዋል። ማርች አለቀ። የግሌንዴል ወንድ እባቦች ሁሉ መብላት ጀምረዋል የሚል ወሬ ሰማን፤ ከሳን ዲዬጎ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት ዋና ጠባቂ ሆና መቀጠሯንም አብረን ሰማን። ሙሽራው ግን አይበላም። ኅሩይ በየአምስተኛው ቀን አይጥ ያቀርባል፤ እባቡ ጠጋ ይልና፣ ያሸትትና፣ ራሱን ይመልሳል።

ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ዋለ። እትዬ ሣህሊቱ ሁዳዴውን ሙሉ ከወትሮው አጥብቀው ጾመው ከስተዋል። ዶሮው ቀርቦ፣ እኔና ባለቤቴ ተጋብዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ኅሩይን "ዛሬስ ይበላል፣ ሞክረው" አሉት። ገብቶ ሞከረ። ከበሩ በዚህ ወገን ሁላችንም እጃችንን ሳንሰድ ጠበቅን። ወጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ማንም አልጠየቀውም።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በማግሥቱ እባቡ ሞተ። ኅሩይ በፎጣ ጠቅልሎ ከአፓርታማው ጀርባ ካለው የብርቱካን ዛፍ ሥር ቀበረው። ፌርፋክስ ወሬው እንደደረሰ ዘለቀ፣ "በስመ ኢየሱስ፣ ሕንፃችሁ ነጻ ወጣ" አለ፤ ሰው ሳቀለት። ኅሩይ ሹካውን አስቀምጦ ተነሥቶ ሄደ። ዘለቀ ደነገጠና፣ "ምነው፣ ቀልዴን እኮ ነው" ሲል ቀረ። ኅሩይ ከዚያ ወዲህ እዚያ ምግብ ቤት አልገባም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ ማለዳ፣ በስሕተት የእኔ ፖስታ ሣጥን ውስጥ የገባ ደብዳቤያቸውን ላደርስ ወደ ላይ ወጣሁ። ኅሩይ መስታወት ፊት ቆሞ የዩኒፎርሙን ቁልፍ ይቆልፋል። እትዬ ሣህሊቱ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው፤ ለወራት ያላየሁት ፈገግታ ፊታቸው ላይ አለ። ለንስሐ አባታቸው ነገሩን ሁሉ ተናግረው መጥተዋል።

"አንድ ፍጡር በውኃ ጥም ገድያለሁ፣ ቀኖና ይስጡኝ አልኳቸው" አሉት። "ምንድነው ቢሉኝ፣ እባብ ነው አልኩ። ሳቁ። ለእባብ ቀኖና የለም፣ ምንም ኃጢአት የለብሽም፣ ሂጂ አሉኝ። ምንም የለም ኅሩይ፣ ምንም አልሆነም።"

ኅሩይ የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆለፈ።

"እሺ እትዬ" አለ።

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ ሳያየው ጠረጴዛው ላይ ጣለውና፣ "መኪናህ ዘግቶብኛል መሰለኝ፣ ፈቀቅ አድርግልኝ፤ ሺፍቴ ደርሷል" ብሎኝ ቀድሞኝ ደረጃውን ወረደ።